«ከየት መጣ?» — የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ስብስብና የረዳት ኩሬተሩ ድርሻ

ወደ ሙዚየም የሚገባ ተመልካች ዓይኑ የሚያርፈው በሥዕሉ ፊት ላይ ነው። የእመቤታችንን የፊት ገጽታ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ፣ በሥዕሉ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ የሚማጸነውን አሠሪ ይመለከታል። ጥቂት ቆሞ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን አጭር መግለጫ አንብቦ ያልፋል። የሥዕሉን ጀርባ ግን አያይም። በጀርባው በኩል፣ በእንጨቱ ጥግ፣ በቀጭን ብዕር የተጻፈች አንዲት ቁጥር አለች። ይህች ቁጥር በአንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ካለ አንድ መስመር ጋር ትገናኛለች፤ በመስመሩም ላይ ሥዕሉ መቼ እንደ ገባ፣ ከማን እጅ እንደ መጣ፣ በየትኛው አገር እንደ ተገኘ፣ ሲገባም ምን ጉዳት እንደ ነበረበት ተመልክቷል። ቁጥሯን የጻፈው፣ መስመሩንም የሞላው ሰው ስሙ በመግለጫው ላይ አይገኝም። ብዙውን ጊዜ ይህ ሰው ረዳት ኩሬተር፣ ማለትም የስብስቡን ኃላፊ የሚያግዘው የሙዚየም ባለሙያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚህ ዝምተኛ ሥራ ታሪካዊ አመጣጥ፣ በተለይም በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ተወለደው የሥነ ጥበብ ስብስብ ጥቂት ለመናገር ነው። ጸሐፊው ሊያስረዳ የሚፈልገው ዋነኛ ነጥብ አንድ ብቻ ነው። አንድ የጥበብ ሥራ በሙዚየም ውስጥ የታሪክ ምስክር ሆኖ ሊቆም የሚችለው «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ በጊዜው ተጠይቆ መልሱ በጽሑፍ ሲቀመጥ ነው። ጥያቄው ካልተጠየቀ ሥዕሉ ውበቱን ይዞ ይቆይ ይሆናል፤ አንደበቱን ግን ያጣል።

የቄሰ ገበዙ መዝገብ

ሙዚየም የሚለው ስም ለአገራችን አዲስ ቢሆንም ተግባሩ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እንደሚታወቀው በየአድባራቱና በየገዳማቱ ዕቃ ቤት አለ። መስቀሉ፣ ጽናው፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የብራና መጽሐፉ፣ ነገሥታትና መኳንንት የሰጡት ካባና መጋረጃ በአንድ ላይ ተጠብቀው ይኖራሉ። ቁልፉን የሚይዘው ቄሰ ገበዝ ነው። እርሱ ሲሻር ወይም ሲሞት ንብረቱ በምስክር ፊት ተቆጥሮ ለተተኪው ይሰጣል።

ከዚህም በላይ ጽሑፍ ነበረ። አባቶቻችን ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን ርስትና ንዋይ፣ የሰጪውንም ስም፣ እጅግ በሚከበረው መጽሐፍ፣ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉት ነበር። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ነው። ይህ በ13ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ በውስጡ ለገዳሙ የተሰጡ የመጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። የዛሬው ታሪክ ጸሐፊ በዚያ ዘመን በአንድ ገዳም ምን ዓይነት መጻሕፍት ይነበቡ እንደ ነበር ሊናገር የሚችለው አንድ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ ተቀምጦ ስለ ዘረዘራቸው ነው።

ዝርዝሩ በወንጌል ላይ መጻፉም ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንጌል የሚሰውሩት ወይም በቀላሉ የሚለውጡት መጽሐፍ አይደለም። ብዙ ጊዜም የሰረቀውና የፋቀው ሁሉ በውግዘት እንዲታሠር የሚያሳስብ ቃል ይጨመርበታል። ይህ ልማድ መዝገብን ከንብረቱ እኩል የሚጠብቅ፣ እንዲያውም መዝገቡን የንብረቱ ነፍስ አድርጎ የሚያይ ልማድ ነው። የዘመናዊው ሙዚየም የመግቢያ መዝገብም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

ያልመዘገበው ረዳት

መዝገብ ሲጎድል ምን እንደሚከተል ለመረዳት ወደ መቅደላ መመለስ ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር በአምባው ላይ የነበረውን ሀብት ዘርፎ፣ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጦ፣ ገንዘቡን ለወታደሮቹ እንዳከፋፈለ የታወቀ ነው። ከዘመቻው ጋር የመጣ አንድ የሙዚየም ሰው ነበር። ስሙ ሪቻርድ ሆምስ ሲሆን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም የብራና መጻሕፍት ክፍል ረዳት ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትን ሰብስቧል። እነዚህ ተቆጥረውና ቁጥር ተሰጥቷቸው ወደ ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬም በለንደን ይገኛሉ። የትኛው መጽሐፍ ከመቅደላ እንደ ተወሰደ ጠንቅቆ መናገር፣ እንዲመለስም መጠየቅ የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያው አምባ የተወሰደ አንድ ሥዕል ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ይህም «ኵርዓተ ርእሱ» በመባል የሚታወቀው፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳየው ሥዕል ነው። ነገሥታቱ በዘመቻ ጊዜ ይዘውት ይወጡ፣ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ጦር ድል በሆኑ ጊዜ ተማርኮ በቤዛ እስከ መመለስ የደረሰ ነው። ሆምስ ይህን ሥዕል ወሰደው፤ ነገር ግን ወደ ሙዚየሙ አላስገባውም። ለራሱ አስቀረው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ይህን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ክብረ ነገሥቱ በሙዚየሙ መዝገብ ውስጥ ስለነበረ ተገኘና ተመለሰ። የሥዕሉ ዱካ ግን ሊገኝ አልቻለም የሚል መልስ መጣ። በዚያን ጊዜ ሆምስ ከሙዚየሙ ወጥቶ የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኖ ነበር፤ ሥዕሉም በእጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ፎቶግራፉ ሲታተም ነው መኖሩ በይፋ የታወቀው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1917ና በ1950 በለንደን በሐራጅ ተሸጦ በመጨረሻ ወደ ፖርቱጋል አገር፣ በግለሰብ እጅ ገባ።

በእነዚህ በሁለቱ ቅርሶች ዕጣ ላይ ጥቂት ማሰላሰል ይገባል። የተዘረፉት በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት ነው። የጠየቁትም አንድ ንጉሥ፣ በአንድ ደብዳቤ ነው። አንደኛው ተመለሰ፤ ሁለተኛው አልተመለሰም። ልዩነቱን የፈጠረው አንዱ በመዝገብ ላይ መስፈሩ፣ ሌላው አለመስፈሩ ነው። መዝገብ ዝርፊያን ፍትሐዊ አያደርግም፤ ነገር ግን የተዘረፈው ነገር እንዳይጠፋ፣ ባለቤቱም የሚጠይቅበት ማስረጃ እንዲኖረው ያደርጋል። አንድ ረዳት መዝግቦ የሚያስገባው ወይም ሳይመዘግብ የሚያስቀረው ዕቃ የአንድን ሕዝብ ታሪክ ይነካል የምንለው ስለዚህ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለምን ስብስብ ያሻዋል?

ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ታሪክ ሲነሣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ የሚገኘው አሽሞሊያን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1683 ነው። መነሻው ትራድስካንት የተባሉ አባትና ልጅ አትክልተኞች ከየአገሩ ያሰባሰቡት ልዩ ልዩ ነገር ሲሆን፣ ዝርዝሩ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1656 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ነበር። የሙዚየሙ የመጀመሪያ ኃላፊ ሮበርት ፕሎት ነበር፤ በእርሱ ሥር በረዳትነት የሠራው ኤድዋርድ ልዊድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1691 ቦታውን ተረከበ። ልዊድ በድንጋይ ውስጥ የቀሩ የጥንት ፍጥረታትን ቅሪት እያጠና ዝርዝራቸውን በመጽሐፍ ያሳተመ፣ ከረዳትነት ወደ ሊቅነት ያደገ ሰው ነው።

በዚያው ስብስብ ውስጥ ዶዶ የተባለች፣ በሞሪሺየስ ደሴት ትኖር የነበረችና ዘሯ የጠፋ ወፍ ነበረች። አካሏ በዘመናት ብዛት ተበላሽቶ ራሷና አንድ እግሯ ብቻ ተረፉ። ይሁን እንጂ በ1656ቱ ዝርዝር ውስጥ ስለ ተመዘገበች የተረፈው ቁራጭ የየትኛዋ ወፍ አካል እንደሆነና ከየት እንደ መጣ ይታወቃል። ይህ ምሳሌ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ የሚያሻው ለምን እንደሆነ ያሳየናል። ዩኒቨርሲቲ ዕቃ የሚያከማቸው ቤቱን ለማስጌጥ አይደለም። ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ እንዲያይ፣ መምህሩ ያስተማረውን በማስረጃ እንዲፈትን፣ ከእነርሱም በኋላ የሚመጣው ትውልድ ዛሬ ያልታሰበ ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ስብስብ ከቤተ መጻሕፍት ጋር እንጂ ከግምጃ ቤት ጋር አይመሳሰልም።

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ስብስብ የተጠነሰሰው በአራት ኪሎ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር በቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ላይ ከተሠማሩት አንዱ ስታኒስላው ኾይናትስኪ የተባለ የፖላንድ ተወላጅ ነበር። ይህ ሰው መጻሕፍትን ብቻ በመደርደር አልተወሰነም። ከተማሪዎች ጋር ሆኖ የሕዝቦችን ባህልና ወግ የሚያጠና ማኅበር በኮሌጁ ውስጥ አቋቋመ። ተማሪዎቹ ስለ ትውልድ ቀያቸው ሠርግና ለቅሶ፣ እርሻና ዕደ ጥበብ ጽሑፍ ያዘጋጁ ነበር፤ ጽሑፎቹም በማኅበሩ መጽሔት ይታተሙ ነበር። ከዚሁ ጎን ለጎን የዕደ ጥበብ ውጤቶች፣ መስቀሎችና ሥዕሎች መሰብሰብ ጀመሩ።

በዚህ አጀማመር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ዕቃውና ወሬው አብረው መምጣታቸው ነው። ከአገሩ የመጣ ተማሪ ቅልና እንስራ ብቻ ቢያመጣ ዕቃ አመጣ ይባላል። «ይህን የምትሠራው ሴት ናት፤ አፈሩ ከዚህ ወንዝ ይመጣል፤ እንዲህ ተደርጎ ይተኮሳል» ብሎ ሲጽፍ ግን ዕውቀት አመጣ ማለት ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. ሲመረቅ በስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። ሪቻርድ ፓንክረስት የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሲሆን፣ ኾይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በኃላፊነት ያዘ። ከአራት ኪሎ የተጀመረውም ስብስብ በዚህ ቤት ውስጥ ተስፋፋ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ካገኘ በኋላም ተቋሙና ሙዚየሙ በዚያው ቤት ቀጠሉ።

ቤቱ ራሱ ከየትኛውም ቅርስ ባልተናነሰ መዝገብ የሚያሻው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚህ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይታወሳል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈ ጊዜ ታግተው የነበሩ ሹማምንት የተገደሉትም በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት በአየር ላይ ወጥቶ የሚቀር አንድ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ያቆሙት ሲሆን እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ይቆጠርበት ነበር። ከነጻነት በኋላ በአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ይህን ታሪክ የሚነግረው ያላገኘ ጎብኚ ወደ የትም የማያደርስ የስሚንቶ መሰላል ያያል፤ የተነገረው ግን የወራሪን ትዕቢትና የአርበኛን መልስ በአንድ ላይ ያነባል።

በጠረጴዛው ላይ

አሁን ወደ ረዳቱ የሥራ ጠረጴዛ እንቅረብ። አንድ ባለ ሁለት ክንፍ የእንጨት ሥዕል ገባ እንበል። ተመልካች ከመጀመሪያ የሚያየውን ረዳቱ ከመጨረሻ ያያል። በቅድሚያ ዕቃውን በሁለት እጅ ይዞ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ያኖረዋል፤ በማሠሪያው ክር አያነሣውም፤ ክሩ ዕድሜ ጠግቧልና። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን ይለካል። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ወይራ ይመረምራል። ነቀዝ የበሳው ቀዳዳ ካለ፣ ከቀዳዳው አዲስ ዱቄት ይወጣ እንደሆነ ያያል፤ ዱቄት ካለ ነቀዙ ሕያው ነውና ሥዕሉ ከሌሎች ተለይቶ ይቀመጣል። በእንጨቱ ላይ የተለቀለቀው ነጭ ጀሶ የት የት እንደ ተላጠ፣ ቀለሙ የት እንደ ተሰነጠቀ፣ የዕጣንና የጧፍ ጢስ የት እንዳጠቆረው ይጽፋል። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶግራፍ ያነሣል። በመጨረሻ፣ ሥዕል በሌለበት ጥግ ላይ ስስ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ሲደርቅ ቁጥሯን በላዩ ይጽፋል። ቫርኒሹ ያስፈለገው ቀለሙ ወደ እንጨቱ እንዳይሰርግና አንድ ቀን ቁጥሯን መለወጥ ቢያስፈልግ ዕቃው ሳይጎዳ እንዲነሣ ነው።

ከዚህ በኋላ ንባቡ ይመጣል። በሥዕሉ ላይ የተጻፈ የግዕዝ ቃል ካለ እንዳለ ይገለበጣል፤ የፊደሉ አጣጣል ራሱ ዘመን ይናገራልና። የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ከተገኘ እሰየው ነው። ካልተገኘ ሥዕሉ ራሱ ይጠየቃል። ለምሳሌ እመቤታችን እጆቿን አነባብራ፣ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ፣ መሐረብ ይዛ የምትታይበት አሣሣል በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን ሥዕል የተከተለ ነው። የዚህ ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ በኢየሱሳውያን መምህራን አማካይነት ስለሆነ፣ ይህን አሣሣል የያዘ ሥራ ከዚያ በፊት ተሠራ ለማለት ያስቸግራል። ሠዓሊዎቻችን ግን እንዳለ አልገለበጡትም። ልብሱን፣ ዓይኑን፣ ዙሪያውን የቆሙትን መላእክት በራሳቸው ወግ አድርገው እንደገና ፈጠሩት።

ኾይናትስኪ እንዲህ ያለውን ንጽጽር በመቶ በሚቆጠሩ ሥዕሎች ላይ ለዓመታት አካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ካናዳ ከሄደ በኋላም አልተወውም። ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዋና ዋና አርእስት የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1983፣ የተቋሙን የሥዕል ስብስብ የሚዘረዝረው መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። የኋለኛው መጽሐፍ እያንዳንዱን ሥዕል ከነቁጥሩ፣ ከነልኩና ከነጽሑፉ ያቀርባል። በሽፋኑ ላይ የአንድ ሊቅ ስም ይነበብ እንጂ፣ ከገጾቹ በስተጀርባ የለኩ፣ ያጸዱ፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ ብርሃን የያዙ፣ በየካርዱ ላይ የጻፉ የብዙ ረዳቶች እጅ አለበት።

የዚህ ድካም ፍሬ በውጭ አገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 «አፍሪካዊት ጽዮን» የተሰኘው የኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥነ ጥበብ ትርኢት በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሲከፈት ከቀረቡት ሥራዎች ብዙዎቹ ከተቋሙ ስብስብ በውሰት የሄዱ ነበሩ። አንድ ቅርስ በውሰት ወጥቶ በደኅና ሊመለስ የሚችለው ከመውጣቱ በፊት የነበረው እያንዳንዱ ስንጥቅ ሲጻፍ ነው። ሲመለስ ከጽሑፉ ጋር ይመሳከራል፤ አዲስ ጉዳት ካለ ወዲያው ይታወቃል። ቅርስን በክብር ልኮ በክብር መቀበል የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

የሚከብደው ጥያቄ

እስካሁን የተናገርነው የሚያስቸግረውን ጉዳይ አልነካም። ቅርስ ወደ ሙዚየም የሚመጣው ሁልጊዜ በንጹሕ መንገድ አይደለም። አንድ ነጋዴ በጋዜጣ የተጠቀለለ የእጅ መስቀል ይዞ ይመጣል። «ከየት ነው?» ሲባል «ከገጠር» ይላል። ከየትኛው ገጠር፣ ከማን እጅ ቢባል ዝም ይላል፤ ምንጩን ከነገረ ሌላ ነጋዴ ይቀድመዋል፤ ወይም ደግሞ ምንጩ ሊነገር የማይችል ነው። በዚህ ጊዜ ሙዚየሙ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ካልገዛ መስቀሉ ለውጭ አገር ሰው ተሸጦ በሻንጣ ይወጣል። ከገዛ ደግሞ ነጋዴው ነገ ሌላ ያመጣ ዘንድ አበረታታው ማለት ነው፤ ያ ሌላው ደግሞ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት በሌሊት የወጣ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ነገር ላይ ቅን ሰዎች በተለያየ ወገን ቆመዋል። አንዳንዶች ከአገር ከሚወጣ በአገር ሙዚየም ቢቀመጥ ይሻላል ይላሉ። ለዚህ አሳባቸው ብዙ ማስረጃ አላቸው፤ የተገዙት ሥዕሎች ዛሬ ለተማሪዎቻችን መማሪያ ሆነዋልና። ሌሎች ደግሞ መስቀል በአገልግሎት ላይ ሳለ ሕያው ነው፤ ሕዝቡ ይሳለመዋል፣ ውኃ ይባረክበታል፣ በጥምቀት ይወጣል፤ በመስታወት ሣጥን ሲገባ ያ ሁሉ ይቀራል ይላሉ። ለእነርሱም እውነት አላቸው።

ስለዚህ ሁለተኛ ወገን አንድ ታላቅ ማስረጃ መጥቀስ ይገባል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ዛሬ በስም ከሚታወቁት ጥንታውያን ሠዓሊዎቻችን አንዱ ነው። ሊታወቅ የቻለው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው። ማሪሊን ሄልድማን የተባለች የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ስለዚህ ሠዓሊ የጻፈችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። በሙዚየም ያሉ፣ ምንጫቸው የማይታወቅ ሌሎች ሥዕሎች ከፍሬ ጽዮን እጅ ወይም ከደቀ መዛሙርቱ እጅ እንደ ወጡ መገመት የሚቻለው ከዚያ ከገዳሙ ሥዕል ጋር እየተነጻጸሩ ነው። እንግዲህ በሙዚየም ያሉትን እንዲናገሩ ያስቻላቸው በቦታው የቀረው ነው። መነኰሳቱ ባይጠብቁት ኖሮ ሊቃውንቱ ስም የለሽ ውበት ብቻ ይዘው በቀሩ ነበር።

ሕጉ ቀስ በቀስ ወደዚህ ግንዛቤ መጥቷል። የጥንት ቅርሶችን ለመጠበቅ በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 የመጀመሪያው ታላቅ እርምጃ ነው። ከእርሱ በኋላ በ1981 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ከዚያም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተከተለ። ሕግ ግን በበር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው የተሰረቀውን ከገዛ ንብረት ለይቶ ሊያውቅ የሚችለው ዝርዝር በእጁ ሲኖር ነው። በየአጥቢያው ያለው ዕቃ ተቆጥሮ፣ ተለክቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ካልተመዘገበ፣ የጠፋውን የእኔ ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም። በዚህ ረገድ የሙዚየሙ ረዳትና የገጠሩ ቄሰ ገበዝ የአንድ ሥራ ባልደረቦች ናቸው።

ሠዓሊው የታወቀ ሥራ

የዩኒቨርሲቲው ስብስብ በጥንታዊ ሥራ ብቻ አይወሰንም። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተቀላቅሏል። ከዚህ ትምህርት ቤት መምህራን አንዱ የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን በኮሎኝ ከተማ ተምሮ፣ ለአገራችን ሥዕል አዲስ መንገድ የከፈተ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። በስደት ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ዐረፈ። በጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አገር ቤት ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከል በዩኒቨርሲቲው ሥር ተከፈተ።

እዚህ ላይ የሠዓሊው ስም የታወቀ ስለሆነ የረዳቱ ሥራ የቀለለ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የዘመናችን ሠዓሊ ሥራውን ይሸጣል፣ ለወዳጅ ይሰጣል፣ ሲሰደድ ትቶ ይሄዳል። አንድ ሥዕል በሁለት ስም ይጠራል፤ ዓመቱ አይጻፍበትም፤ የተገለባበጠ ፎቶግራፍ ብቻ ይቀራል። ሠዓሊው በሕይወት ሳለ «ይህን መቼ ሠራኸው? ምን ብለህ ሰየምኸው? ሌላው የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ፣ ከሞተ በኋላ መልሱን የሚሰጥ የለም። የ15ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊ ታሪክ ስለ ጎደለን እናዝናለን፤ የራሳችን ዘመን ሠዓሊ ታሪክ በዓይናችን ፊት ሲጎድል ግን ብዙውን ጊዜ አናስተውልም። ይህ ለሥነ ጥበብ ሰዎች ሁሉ ማሳሰቢያ ሊሆን ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው ከሐይቅ ገዳም ጸሐፊ እስከ ዛሬው የሙዚየም ባለሙያ ድረስ የሚዘልቅ አንድ መሥመር አለ። ዘዴው ተለውጧል፤ ብራናው በካርድ፣ ካርዱ በኮምፒዩተር ተተክቷል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ከየት መጣ? ከማን? መቼ?

በየትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን ለዚህ ሥራ ታላቅ አስተዋፅኦ ሊያደርጉ ይችላሉ። የዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ የኮሌጅ ተማሪዎች የአገራቸውን ወግ እየጻፉ ለአንድ ሙዚየም መሠረት ጥለዋል። ዛሬም አንድ ተማሪ የአያቱን ሞሰብ ለክቶ፣ አለላው በምን እንደ ቀለመ ጠይቆ፣ የሰፋችውን ሴት ስም ጽፎ ቢያመጣ ያንኑ ሥራ ይቀጥላል። በየወረዳው ባህልን የሚመሩ ኃላፊዎችም ከትልልቅ ትርኢቶች አስቀድመው ትንሿን መዝገብ ቢያስቡ፣ ገንዘብም ሰውም ቢመድቡላት፣ ጥቅሙ ከእነርሱ ዘመን ያልፋል።

ረዳቱን በተመለከተ፣ ስሙ በግድግዳው ላይ ላይጻፍ ይችላል። ምናልባትም እንደዚያ መሆኑ ተገቢ ነው፤ የሐይቁ ጸሐፊም ስሙን አልተወልንም። ነገር ግን አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ስለ ጠፋ መስቀል ሲጠይቅ፣ መዝገቡ ተገልጦ፣ ገጹ ተገኝቶ፣ ጣት በመስመሩ ላይ ሲያርፍ፣ ያን ጊዜ የሚናገረው ስሙ ያልተጻፈው ሰው ነው።